ስለ ዶሮ ክንፍና ስለ ጨዋታ ምሽት

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ዶሮ ክንፍ ነው ብንላችሁ አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ሳትሉ እንደማትቀሩ እናውቃለን። ጠመኔና መጽሐፍ ይዞ የሚውለውን መምህር ከድስትና ከምድጃ ጋራ ምን አገናኘው የሚል ቢኖርም አንቀየመውም። ነገሩ ትንሽ ይምሰል እንጂ በእኛ ቤት አንድ ምሽት ያስተማረን ትምህርት ትንሽ ስላልሆነ፥ ሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቀሙበት ዘንድ ልናካፍላችሁ ወደድን።

በአሜሪካ አገር የምንኖር ሁላችን እንደምናውቀው፥ በያመቱ በክረምታቸው ወራት በአንድ እሑድ ምሽት አገሬው በየቤቱ ተሰብስቦ «ሱፐር ቦውል» የተባለውን የኳስ ግጥሚያ ይመለከታል። ልጃችን ትንሽ ሳለ በዚያ ምሽት ወደ ጓደኞቹ ቤት ይሄድ ነበር፤ እኛም ስለ ጨዋታው የምናውቀው ነገር ስላልነበረን ብዙ አንጠይቀውም ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በጀመረ ጊዜ ግን «ዘንድሮ ጓደኞቼን ወደ ቤታችን ላምጣቸው?» ብሎ ጠየቀን። ልጅ ጓደኞቹን ወደ ወላጆቹ ቤት ለማምጣት ካላፈረ ይህ ራሱ ትልቅ ጸጋ ነውና በደስታ ፈቀድን፤ ጎረቤቶቻችንንና ዘመዶቻችንንም ጨምረን ጠራን።

ልጁም «በዚያ ቀን ሰው ሁሉ የሚበላው የዶሮ ክንፍ ነው» ስላለን፥ ባለቤታችን ብዙ ክንፍ ገዝታ በዘይት ትጠብስ ጀመር። በዘይት የሚጠበስ ነገር ደግሞ ባሕርዩ እንደሚታወቀው ነው። በአንድ ጊዜ ወደ መጥበሻው የሚገባው ጥቂት ብቻ ነው፤ ወጥቶም ጥቂት ቢቆይ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ አንዱ ሲወጣ ሌላው እየገባ፥ እርስዋ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ምድጃው አጠገብ ቆማ አመሸች። ልጃችን በሳሎን ቤት ለአጎቶቹና ለእኛ የጨዋታውን ሕግ ያስረዳል፤ እኛም እንደ ተማሪ እየጠየቅን እንማራለን። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤታችን እጅዋን እያበሰች መጥታ «ማን አሸነፈ?» ብላ ልጁን ጠየቀችው። እርሱም እንቅልፍ ይዞት ስለ ነበር «ነገ እነግርሻለሁ፥ እማዬ» ብሎ ወደ መኝታው ሄደ።

ልጁ ክፉ ዐስቦ የተናገረው ቃል አልነበረም። ነገር ግን ያችን ሴት በዚያ ሁሉ ሰዓት አንድ ጊዜ እንኳ ተቀምጣ እንዳላየናት የተገነዘብነው ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱም የልጁ ሳይሆን «ይጨመር፥ ይጨመር» እያልን ተቀምጠን ያመሸነው የእኛ ነበር። ከዚያም ወዲህ፥ እንግዳ ለሚጠራበት ምሽት የሚመረጠው ምግብ ለበሊው የሚጣፍጥ ብቻ ሳይሆን ያዘጋጀውንም ሰው ከሰው ጋራ የሚያስቀምጥ መሆን አለበት ብለን ቈረጥን። የዶሮ ክንፍ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ሆኖ አገኘነው፤ ከዘይት ይልቅ በኦቨን ቢጋገር፥ ሥራው አብዛኛው በዋዜማው ስለሚያልቅ ነው።

ስለ ጨዋታው ለማያውቁት ጥቂት እንበል። አሜሪካኖች «ፉትቦል» ይበሉት እንጂ ኳሱ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይያዛል፥ በእጅም ይወረወራል። ኳሱን የያዘው ወገን በአራት ሙከራ 10 ያርድ፥ ይኸውም 9 ሜትር ያህል፥ ወደ ፊት መግፋት አለበት፤ ከገፋ አራት ሙከራ እንደገና ይሰጠዋል፤ ካልገፋ ኳሱ ወደ ባላጋራው ይተላለፋል። ይህን አንድ ነገር የተረዳ ሰው የቀረውን እያየ ይደርስበታል። የሱፐር ቦውል የመጀመሪያው ግጥሚያ የተደረገው እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 1967 በሎስ አንጀለስ ከተማ ሲሆን፥ የግሪን ቤይ ቡድን የካንሳስ ሲቲን ቡድን 35 ለ10 አሸንፏል። የጨዋታው ጊዜ በሕግ 60 ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ማቆሙና ማስታወቂያው ተጨምሮ ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ይህን ርዝመት ልብ በሉት፤ ኋላ ለምግቡ ደኅንነት እንፈልገዋለንና።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ አሜሪካኖች የሚበሉት የዶሮ ክንፍ ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆን የዶሮ ነጋዴዎቻቸው ማኅበር በያመቱ ይገምታል። ይህ ሁሉ ክብር ለክንፍ የመጣው ግን ከጥንት አይደለም። ክንፍ ቀድሞ ለሾርባ ማጣፈጫ ከሚጣሉት ብልቶች ጋራ የሚቈጠር ርካሽ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በበፋሎ ከተማ «አንከር ባር» የተባለ መጠጥ ቤት የነበራቸው ፍራንክና ቴሬሳ ቤሊሲሞ የተባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። ሚስቲቱ ክንፉን በዘይት ጠብሳ፥ በቀለጠ ቅቤና በሚያቃጥል የበርበሬ ስጎ ለውሳ፥ ከሴለሪና ከሰማያዊ አይብ ማጥቀሻ ጋራ አቀረበችው። በዚያው ዘመን በዚያው ከተማ ጆን ያንግ የተባለ ሰውም በዱቄት የተለወሰ ሙሉ ክንፍ በራሱ ስጎ ይሸጥ ነበርና፥ የዚህ ምግብ ክብር ለአንድ ሰው ብቻ የሚሰጥ አይደለም። የበፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1977 ሐምሌ 29 ቀን የዶሮ ክንፍ ቀን ይባል ብላ ዐውጃለች።

ስለ ቴሬሳ አሠራር ሁለት ዐይነት ታሪክ ይነገራል። ባልዋ የተናገረው፥ ለስጎ የታዘዘው ሌላ ብልት ሆኖ ሳለ በስሕተት ክንፍ ስለ መጣ እንዳይጣል ተብሎ ተሠራ የሚል ነው። ልጃቸው ዶሚኒክ የተናገረው ግን ለእኛ ይበልጥ ይጥመናል። ዕለቱ ዓርብ ሌሊት ነበር፤ በቤቱ የነበሩት እንግዶች አብዛኞቹ ካቶሊኮች ስለ ነበሩና በዚያ ዘመን ዓርብ ሥጋ ስለማይበሉ፥ እኩለ ሌሊት ሲሆን የሚበሉት አንድ ነገር እንድትሠራላቸው እናቱን ለመናት፤ እርስዋም ሠራችላቸው። እንግዲህ እንደ ልጅዋ አነጋገር ይህ ዝነኛ ምግብ የተወለደው፥ አንዲት እናት የጾም ሰዓት እስኪያልፍ ለሚጠብቁ የልጅዋ እንግዶች በሌሊት ቆማ ስትሠራ ነው። በእኛ ቤት እንደ ሆነው ሁሉ፥ በዚያም ቤት የቆመችው እናት ነበረች።

በአገራችንም ቢሆን ክንፍ የክብር ድርሻ አልነበረም። ዶሮ ለወጥ ስትገነጠል በ12 ብልት ትከፈላለች፤ ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለክቡር እንግዳ ይቀርባል፤ ክንፉ ግን በብዙ ቤት ለልጆች የሚሰጥ ነበር። አንዲት ዶሮ ሁለት ክንፍ ብቻ ስላላት፥ ዛሬ ለአንድ ምሽት የምንገዛው 20 ክንፍ ከ10 ዶሮ የተገኘ ነው። አያቶቻችን 10 ዶሮ ታርዶ ክንፉ ብቻ ለእንግዳ ቀረበ ቢባሉ የድግሱን ጌታ በንፉግነት ያሙት ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሌላም ምግብ ለሚቀርብበት የስድስት ወይም የስምንት ሰው ግብዣ ሁለት ኪሎ ክንፍ፥ ይኸውም አራት ፓውንድ ተኩል ገደማ፥ ይበቃል። ክንፍ በሁለት መጋጠሚያው ሲቈረጥ ሦስት ክፍል ይሆናል፤ ወፍራሙ፥ ጠፍጣፋውና ጫፉ። ቢላዋው አጥንቱን ሳይሆን መጋጠሚያውን ካገኘ ያለ ኀይል ይለያያል። ጫፉን አትጣሉት፤ ለመረቅ ይሆናል።

ከዚህ ላይ እናቶችን የሚያስከፋ አንድ ነገር ለመናገር እንገደዳለን። እናቶቻችን ዶሮን በሎሚና በጨው እያሹ ውሃው እስኪጠራ ድረስ እንድናጥብ አስተምረውናል። በቤት ታርዳ በቤት ለተነጨች ዶሮ ይህ ተገቢ ሥራ ነበር። በፋብሪካ ጸድቶ ታሽጎ የሚሸጠው ክንፍ ግን መታጠብ አያሻውም። ሎሚና ጨው በሥጋው ላይ ያለውን ተሐዋስያን አይፈጁትም፤ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ወደ ገንዳው፥ ወደ ዕቃውና አጠገቡ ወዳለው ሰላጣ ይረጨዋል። የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት፥ ጥሬ ዶሮ ካጠቡት ሰዎች ከ100 በ60ዎቹ የገንዳቸው ውስጥ ተሐዋስያን ቀርተው ተገኝተዋል። ተሐዋስያኑን የሚፈጃቸው እሳት ነው። ልቧ ሳታጥብ እሺ የማይላት እናት ብትኖር ግን፥ ቧንቧውን ሳትለቅ በጎድጓዳ ሳህን በተቀዳ ውሃ ቀስ ብላ ታለቅልቀው፤ ወዲያውም ገንዳውን በሳሙናና በሙቅ ውሃ ፈግፍጋ፥ በጀርም ማጥፊያ ታብሰው፤ እጅዋንም ትታጠብ። ሰላጣው ከዚህ ሁሉ በፊት ተሠርቶ ይነሣ።

ክንፉ ያለ ዘይት ጥብስ ቆዳው እንዲደርቅና እንዲንኰሻኰሽ ምሥጢሩ እርጥበቱን ማስወጣት ነው። ቅዳሜ ማታ እያንዳንዱን ክንፍ ውሃ በሚመጥጥ የወጥ ቤት ወረቀት ደኅና አድርጋችሁ አድርቁት። ከዚያም ሁለት የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨውና አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል ቤኪንግ ፓውደር ደባልቃችሁ በላዩ በእኩልነት ነስንሱበት። ቤኪንግ ፓውደሩ አሉሚኒየም የሌለበት ቢሆን ይመረጣል፤ በቤኪንግ ሶዳ ግን አትለውጡት፤ ሶዳው እጅግ ስለሚበረታ ምግቡ ሳሙና ሳሙና ይላል። ፓውደሩ የቆዳውን ጠባይ ለውጦ ቶሎ እንዲቀላና በጥቃቅን አረፋ እንዲነፋ ያደርገዋል። በትሪ ላይ የሽቦ ፍርግርግ አስቀምጡ፤ ክንፉን ሳይነካካ ደርድሩበት፤ ሳይከደን በማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ ያድር። የማቀዝቀዣው ደረቅ አየር ሌሊቱን ቆዳውን ያደርቀዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ይህ የሌሊት ትዕግሥት በማግስቱ የሚያደክመውን ሥራ ያስቀራል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዐረፍ በሉ። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ጨዋታው የሚጀመረው በእኛ አቈጣጠር ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። በ11 ሰዓት ኦቨኑን በ425 ዲግሪ ፋሬንሃይት፥ ይኸውም በ220 ሴንቲግሬድ አካባቢ፥ አቃጥሉት። በ11 ሰዓት ተኩል ግማሹን ክንፍ አስገቡ፤ ከ25 ደቂቃ በኋላ አገላብጡት፤ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ ባለው ጊዜ ቀልቶ ይደርሳል። ዶሮ ለመብላት የሚያስጋ የማይሆነው የውስጡ ሙቀት 165 ፋሬንሃይት ወይም 74 ሴንቲግሬድ ሲደርስ ነው፤ ክንፍ ግን ጅማት ስለሚበዛው ከዚያ ጥቂት አልፎ ቢበስል ይለሰልሳል እንጂ አይጐዳም።

ክንፉ በኦቨን ሳለ ስጎውን ሥሩ። አሜሪካኖች ቅቤና የበርበሬ ስጎ ያደርጉበታል፤ እኛ ግን ንጥር ቅቤና በርበሬ እያለን ወዴት እንሄዳለን? ስድስት የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤ በቀስታ እሳት አቅልጡ፤ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የሚያህል ዝንጅብል ደቍሳችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አቁላሉት፤ ከዚያ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምሩ። በርበሬው እንዳያርር ጥቂት ጥቂት ውሃ ጠብ እያደረጋችሁ፥ ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታው እስኪጠፋ ድረስ 10 ደቂቃ ያህል አማስሉት። ከእሳት ካወረዳችሁት በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማርና የአንድ ሎሚ ጭማቂ ጨምሩበት። በርበሬውን አስቀድሞ በጥሬው ክንፍ ላይ ነስንሶ ወደ ኦቨን ማስገባት ስሕተት ነው፤ በዚያ ሙቀት አርሮ ይመርራል። ክንፉ ሲወጣ በትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ከስጎው ግማሽ ጋራ አገላብጣችሁ ወዲያውኑ አቅርቡ። ለትንንሾቹ ልጆች ጥቂቱን ያለ በርበሬ ለዩላቸው። በሰማያዊው አይብ ፈንታም የእኛን አይብ በእርጎና በጥቂት ሎሚ በጥብጣችሁ ብታቀርቡ ያበርዳል።

የቀረውን ግማሽ ክንፍ አብራችሁ አታብስሉት። የበሰለ ዶሮ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ጨዋታው ደግሞ ቀደም ብለን እንደ ተናገርነው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይሄዳል። ሁለተኛውን ትሪ የጨዋታው ሁለተኛ ሩብ ሲጀመር አስገቡት፤ ለዕረፍቱ ይደርሳል። ይህን ለማድረግ ከመቀመጫ መነሣት የሚያስፈልገው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ለማስገባት፥ ለማገላበጥና ለማውጣት። ሦስቱን ጊዜ ደግሞ ሦስት ሰው ይካፈለው። በእኛ ቤት ማገላበጡ የመምህሩ ድርሻ ሆኗል።

ስለ ጾሙ ቀኑን አስቀድማችሁ ከባሕረ ሐሳቡ ጋራ አስተያዩት። በ2018 ዓ.ም. ጨዋታው እሑድ የካቲት 1 ቀን ሲውል ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 9 ቀን ነበርና ችግር አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. ግን ጨዋታው እሑድ የካቲት 2 ቀን ውሎ ጾመ ነነዌ በማግስቱ ሰኞ ገባ። የበፋሎዎቹ እንግዶች ለመብላት እኩለ ሌሊትን ጠበቁ፤ እኛ ደግሞ በዚያ ዓመት ከእኩለ ሌሊት በፊት ለመጨረስ ተጠነቀቅን። እንዲህ ባለው ዓመት በልክ ግዙ፤ ክንፍ ዛሬ እንደ ድሮው ርካሽ አይደለምና። የተረፈውንም በጊዜው ወደ በረዶ ማስቀመጫው አስገቡት። በስእለት ወይም በሌላ ምክንያት የማይበላ እንግዳ ቢኖር፥ አበባ ጎመን በዘይትና በጨው ለውሳችሁ በዚያው ኦቨን 25 ወይም 30 ደቂቃ ጋግሩለት፤ በዘይት በቁላላ በርበሬም አቅርቡለት። ባዶ ሳህን ይዞ የሚቀመጥ እንግዳ አይኑር።

በሚቀጥለው ዓመት እንዲህ አድርገን ሞከርነው። ባለቤታችን ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ በሳሎኑ ተቀመጠች። ጥቂት ቆይታም «ይህ ሁሉ ሰው በአንዱ ላይ የሚወድቅበት ምን አድርጎ ነው?» ብላ ጠየቀች። የልጁ ጓደኞች ሣቁ፤ ልጁ ግን ከእነርሱ መካከል ተነሥቶ መጥቶ አጠገብዋ ተቀመጠ፤ አራቱን ሙከራና 10ሩን ያርድ በጣቱ እየቈጠረ በአማርኛ አስረዳት። ቃል ሲያጥረውም እርስዋ ትሞላለት ነበር። ሁለተኛው ትሪ በደረሰ ጊዜ ሳይነገረው ሄዶ ያወጣው እርሱ ነው፤ ጥቂት አርሮበት ነበር፤ ግን ማንም አልነቀፈውም። በመጨረሻ ማን እንዳሸነፈ የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም አይቶ ነበርና።

የተወደዳችሁ አባቶችና እናቶች፤ ልጆቻችን በተወለዱበት አገር የሚወዱት ጨዋታ ይኖራቸዋል። ጨዋታውን ባንወደውም፥ ምሽቱን በእኛ ቤት፥ በእኛ ማዕድ ዙሪያ እንዲያሳልፉት ማድረግ በእጃችን ነው። ይህን ስናደርግ ግን ማዕዱን ያቀረበችውን ሰው ከማዕዱ እንዳንለያት እንጠንቀቅ። ቅዳሜ ማታ ክንፉን የምታደርቁበት ወረቀት ስትገዙ፥ ለእርስዋም ከቴሌቪዥኑ ፊት የሚሆን አንድ ወንበር አስቀድማችሁ አዘጋጁ። መልካም ምሽት ይሁንላችሁ።